የቀስተኛው ክንድ መታረም

የሥዕል ምርመራ ጽሕፈት ቤታችን ሕዝቡን ከአደጋ የሚጠብቅ ታላቅ ተቋም ለመሆኑ ማስረጃ የሚጠይቅ ቢኖር፣ የቀዩን ቀስተኛ ጉዳይ በትሕትና አቀርብለታለሁ።

በዚያ መከር ፈንጣጣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰፈራችን ሲቃረብ፣ እናቶች እንደ ልማዳቸው ወደ ሥዕል አሳታሚዋ ወደ ኦቶሴ ሱቅ ጎረፉ። የፈለጉት በቀይ ቀለም የሚታተመውን የጥንቱን ቀስተኛ ነበር፤ ቀስት የሚይዝበት ክንዱ ከሌላው አንድ ስንዝር የሚረዝመውን፣ በር ላይ ሲለጠፍ የፈንጣጣ ጋኔን አይቶት የሚሸሸውን። ቀራጩ ቶራኪቺ ሥዕሉ ቀለም ተቀብቶ የሚታተምበትን እንጨት ቀርጾ ጨርሷል። የቀረው የመርማሪው የክቡር ኩራሃሺ ማኅተም ብቻ ነው።

ክቡርነታቸው፣ ወረቀት ሊያታልል ይችላል ከሚል ጥልቅ እምነት የተነሣ፣ የሚመረምሩት እንጨቱን ራሱን ነበር።

«ክንዱ ለምን ረዘመ?»

«ጀግና ስለሆነ ነዋ ጌታዬ! ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል» አለች ኦቶሴ።

«ጽሕፈት ቤቱ አያውቀውም። ይስተካከል።»

ቶራኪቺ ረጅሙን ክንድ ከእንጨቱ ላይ ቆርጦ አወጣና አጭር ክንድ ሰካበት። በማግስቱ ክቡርነታቸው የባሰ ነገር አገኙ። ፍላጻው ወደ ግራ ያመለክታል፤ ከጠረጴዛቸው በስተግራ ደግሞ፣ ከሦስት ድልድይ ማዶ፣ የገዢው ግንብ ይገኛል።

«ግንቡ ላይ ሊተኩስ ነው?»

«ጌታው፣ ይሄ እኮ እንጨት ነው» አለ ቶራኪቺ። «ወረቀት ላይ ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል።»

«እኔ የምመረምረው የማየውን ነው። ይዙር!»

«ጠረጴዛውን ብናዞረውስ?» አለች ኦቶሴ።

«ጠረጴዛው በመመሪያ ነው የተቀመጠው!»

ቶራኪቺ ሌላ እንጨት አንሥቶ ቀስተኛውን አዙሮ ቀረጸው። ሲታተም ፍላጻው ቀጥ ብሎ ግንቡ ላይ አነጣጠረ። ክቡርነታቸው ይህን ሴራ በጊዜ ደርሰውበት ፍላጻው እንዲወጣ አዘዙ። ፍላጻ የሌለው ቀስት ድብቅ ዓላማ ያለው ሊመስል ስለሚችል፣ ቀስቱም ወጣ። በመጨረሻ አንድ እጁን ዘርግቶ፣ ሌላውን ጆሮው ሥር አድርጎ፣ አንዲት ዓሣ ሻጭን «ምን አልሽኝ?» የሚል የሚመስል ቀይ ጦረኛ ቀረ። ማኅተሙም በክብር አረፈበት። እናቶቹ አይተውት ተሳሳቁና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ የሣር ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ያወረደ ሰው በሱቁ የጓሮ በር ገባ።

«ኦቶሴ፣ እኔ ነኝ፣ ኩራሃሺ። የልጅ ልጄን ትኩሳት ይዞታል። ቀስተኛውን ስጪኝ፣ ቶሎ በይ!»

አወጣችላቸው።

«ይሄ ማንን ያስፈራል? ቀስቱስ?»

«ማኅተምዎ አለበት ጌታዬ። ጋኔኑ ማኅተም ያከብር ይሆናል።»

«አትቀልጂብኝ! የድሮው የለም?»

«የድሮውን እንጨትማ ቶራኪቺ ሩዝ ቀቀለበት።»

ክቡርነታቸው ብሩሽ ነጥቀው በገዛ እጃቸው ቀስት ሣሉ፣ ፍላጻ ሣሉ። ክንዱንም አስረዘሙት፤ ለጥንቃቄ ደግሞ የሁለት ጣት ያህል ርዝመት ጨመሩበት። ይዘው ሊወጡ ሲሉ ኦቶሴ እስከ ምንጣፉ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ማኅተም ካረፈበት በኋላ የተነካ ሥዕል እንደ አዲስ ሳይመረመር ከሱቅ አይወጣም። መመሪያውን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

ክቡርነታቸው ገረጡ። ሆኖም መርሕ ያለው ሰው በጭንቅ ሰዓትም ከመርሑ ፈቀቅ እንደማይል ለትውልድ ሊያሳዩ፣ እዚያው ቁጭ ብለው ለራሳቸው ማመልከቻ ጻፉ። ይህን ጊዜ ኦቶሴ ሥዕሉን ለቶራኪቺ አቀብላ ወደ ልጁ አስሮጠችው። ልጁ ለካ ያልበሰለ ፍሬ ከጎረቤት ዛፍ ሰርቆ በልቶ ኖሯል፤ የቀስተኛውን ክንድ አይቶ ከት ብሎ ሳቀ፣ አስመለሰ፣ ዳነ።

ክቡርነታቸው ግን የሥዕሉን መሄድ እንኳ አላዩም። ማመልከቻውን በጥሞና እየመረመሩ ነበር። እዚያ ላይ ራሳቸው የጻፉት የክንዱ ርዝመት ከተፈቀደው ልክ ማለፉን አስተዋሉ፤ ብሩሹን ቀለም አጠቀሱና ውድቅ አደረጉት።