ባጃጅ ላይ የወጣች አልጋ

ጡረታ ምን እንደሆነ አጥርተው የሚያውቁት ገና ያልወጡት ሰዎች ናቸው። መሸኛ ግብዣው ላይ ትከሻችሁን መታ መታ እያደረጉ እንግዲህ አረፋችሁ ይሏችኋል። ከምን እንዳረፋችሁ ይገባችኋል፤ የት እንደምታርፉ ግን የሚነግራችሁ የለም። በፊልም እንደማየው ከሆነ በሌላው አገር ጡረታ የወጣ ሰው ነጭ ቆብ ይደፋና ሰፊ መስክ ላይ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ፣ የመታትን ኳስ ሲፈልግ ይውላል። ነቀምቴ ላይ ይህን ልሞክር ብል፣ አንደኛ ያን የሚያህል ሣር ከብት ሳያየው አያድርም። ሁለተኛ፣ ዱላ ይዞ ሜዳ ላይ ብቻውን የሚንጎራደድ የቀድሞ መምህር ያየ ሰው ዝም አይልም። ኦርቶዶክሱ ወደ ጸበል፣ ጴንጤው ወደ ጸሎት ቤት ሊወስደኝ ይጓተታል እንጂ ኳሷን የሚፈልግልኝ አላገኝም።

ስለዚህ እኔ ቤት ሠራሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቢላ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኋላም ነቀምቴ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ልጃችን ሲፈን ካገባች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ባለቤቴ ጫልቱ ነን። የመጀመሪያዎቹን ወራት ጫልቱን በሥራዋ እያገዝኩ አሳለፍኩ። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ እያገዝኳት እንደነበር ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ጫልቱ ሰው ወዳጅ ናት። ከጎረቤቱም፣ ከእድሩም፣ ከሴቶች የጸሎት ኅብረቱም እኛ ቤት የማይመጣ የለም። አንድ ሰው ዜና ላዳምጥ ቢል የሚያዳምጠው የሰፈራችንን የባኬ ጃማን ዜና ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ልጅ ሆኜ ከወንድሞቼ ጋር፣ መምህር ሆኜ ከባልደረቦቼ ጋር፣ ካገባሁ ደግሞ ከመላው ቀበሌ ጋር ኖርኩ እንጂ የእኔ ብቻ የሆነ በር ኖሮኝ አያውቅም። ክረምቱ ሲገባ በሬን ዘግቼ፣ ሬዲዮኔን ከፍቼ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጋደም ልል አማረኝ። ይህ በዛ?

ጓሮ ካለው አቮካዶ ሥር፣ በባሕር ዛፍ አጣናና በቆርቆሮ፣ በገዛ እጄ አንዲት ክፍል አቆምኩ። ሥራውን የተቆጣጠሩት ጦጣዎች ናቸው። ከወንዙ ዳር መጥተው ስብሰባ እንደተጠራ ነዋሪ አቮካዶው ላይ ይደረደሩና እያንዳንዷን ምስማር በትዝብት ያያሉ። ሐሳባቸውን የሚገልጹት ፍሬ በመወርወር ነው። አንዷማ የተዋስኩትን ውኃ ልክ ይዛ ወጥታ በዚያው ቀረች። ክፍሌ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጊምቢ በኩል ትንሽ ዘንበል ያለችው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ጥፋቱ በእኔ ባይመዘገብ ደስ ይለኛል። ጫልቱ እየመጣች አየት አድርጋ ትመለሳለች፤ አንድም ቀን ለምን አላለችኝም።

የቀረኝ አልጋ ነበር። ቢላ በላጤነቴ የተኛሁባት የሽቦ አልጋ እግሯ ተሰብሮ ዕቃ ቤት ቆማ ስለነበር ብየዳ ቤት ወሰድኳት። ተበይዳ ስታልቅ ባጃጅ ጣራ ላይ አስጭኜ ተመለስኩ። ቀኑ እሑድ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ባጃጅ እንደ ልብ ይገኛል፤ በዚህ ብልጠቴ እየተደሰትኩ ስሄድ ልክ በቤተ ክርስቲያናችን በር ሳልፍ ምዕመኑ ወጣ። እጄን አውጥቼ ግራና ቀኝ አካም ጂርቱ፣ አካም ጂርቱ እያልኩ ሰላምታ አዘነብኩ። አጸፋው ቀዝቃዛ ነበር። ሰዎቹ አልጋዋን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ከዚያ የአልጋዋን ስፋት ያያሉ። ያቺ አልጋ ከአንድ ሰው በላይ እንደማትችል ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የአገሩን ሕግ ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ባል ቢያኮርፍ ያኮርፋል፣ ሳህን ገፍቶ ቢነሳም ይነሳል፤ ይህ ሁሉ የትዳር ወግ ነው። አልጋውን ካወጣ ግን አበቃ። እኔ ደግሞ አልጋ ማውጣት ብቻ ሳይሆን፣ በር ያላት ክፍል ሠርቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ፣ አልጋዬን በጠራራ ፀሐይ በከተማ ያዞርኩ ሰው ሆኜአለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎች መጡ። ሁለት ናቸው። ኦቦ ተርፋሳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ከእኔ ቀድመው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። አቶ ይመር በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው እዚሁ ነቀምቴ ዙሪያ ጉቶ ጊዳ የሠፈሩ፣ በቆሎ ሲነግዱ ኖረው ንግዱን ለልጆቻቸው ያስረከቡ ሰው ናቸው። ኦቦ ተርፋሳ እርጥብ ሣር ይዘዋል። እርጥብ ሣር የያዘ ሽማግሌ ለዕርቅ ነው የሚመጣው፤ ባዶ እጁንም አይመለስም።

እኔ ከጫልቱ ጋር እንዳልተጣላሁ ቶሎ ብዬ ተናገርኩ። ኦቦ ተርፋሳ ወደ አቶ ይመር ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተጣላ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነውና። አቶ ይመርም አብሽሩ መምህር፣ አንቱ የመጀመሪያው አይደሉም ብለው አጽናኑኝ። ጫልቱ ቅቤ የጠገበ አንጮቴ አቀረበች። ልመናችን ሳይሰማ እህል አንቀምስም አሉ። ሥርዓቱ ነው፤ አቶ ይመር ግን ዓይናቸውን ከአንጮቴው ማንሳት ተስኗቸው ነበር።

ኦቦ ተርፋሳ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ እያደረጉ ውሳኔውን አሰሙ። ችሎት የኖረ ሰው ስለሆኑ ውሳኔውን ጽፈው ጨርሰው ነው ክርክሩን ለመስማት የመጡት። አልጋዋ ወደ ቤት ትገባለች፤ ክፍሏ ትፈርሳለች፤ ቆርቆሮው ለኩሽናው ይሆናል። ዘንበል ብትልም የእኔ ናት፤ ገና አንድ ዝናብ እንኳ አላዳመጥኩባትም። ተስፋዬ ጫልቱ ብቻ ነበረች። እሷ ጠብ የለንም ካለች ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ኦቦ ተርፋሳ ዞር ብለው፣ “አዴ ጫልቱ፣ እውነቱን ተናገሪ። የበደለሽ ነገር አለ?” አሏት።

ጫልቱ ነጠላዋን አስተካከለች። “አለ” አለች።

እኔ ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን በረጋ ድምፅ አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የኩሽናዋን ዕቃ ሁሉ ቦታ ለዋውጬ ጨው ፍለጋ እንዳሰቃየኋት ተናገረች። ሽንኩርት ስትከትፍ ከኋላዋ ቆሜ ለምን በዚህ በኩል እያልኩ እንደምጠይቃት፣ የውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር ከእሷ ቀድሜ ማን ነው እንደምል፣ ከክፍል በወጣች ቁጥር መብራት እንደማጠፋባት ተናገረች። ይባስ ብዬ የሴቶች ጸሎት ላይ ገብቼ ስለ ኢየሩሳሌም የአየር ጠባይ ማብራሪያ ሰጥቻለሁ አለች። ይህ እውነት ነው። ጠቃሚ ማብራሪያ ነበር።

አቶ ይመር ታዲያ ይህን ሁሉ በዕርቅ እንጨርሰው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጫልቱ ቀደመቻቸው። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር።

“አባ ሲፈን፣ ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩን ስትከፍት ደስ ይለኝ ነበር። ጡረታ ወጣህና መሄድ ቀረ፤ መሄድ ሲቀር መምጣትም ቀረ። ያቺን ክፍል መሥራት ከጀመርክ ወዲህ ግን ለምሳ ከጓሮ ስትመጣ እንደ ድሮው ደስ ይለኛል።” ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። “የእናንተን ልመና አልመልስም። ግን እባካችሁ ክፍሏን አታፍርሱብኝ።”

አታፍርሱብኝ ነው ያለችው። እንግዲህ ከሁካታ ሸሸሁ ስል፣ ሁካታው እኔው ነበርኩ ማለት ነው። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ፣ ሽማግሌ ፊት የማይገባ ነገር ቢሆንም፣ ደስ አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የበሩን ድምፅ ትጠብቅ እንደነበር ነግራኝ አታውቅም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ፊታቸውን ሳየው፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ በየቤታቸው ቢነሳ ምን እንደሚባል እያሰቡ ይመስለኛል። በመጨረሻ ኦቦ ተርፋሳ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ቶሌ፣ እሺ ይሁን አሉ። ክፍሏ ትኖራለች፤ አልጋዋም ባለችበት ትቆያለች፤ እኔ ጨውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ሣሩን ተቀበልኩ፤ አንጮቴውም ተበላ። ከዚያ ክፍሏን ለማየት ብለው ጓሮ ገቡ። አቶ ይመር አልጋዋን ለመሞከር ጋደም አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ኦቦ ተርፋሳ የሬዲዮኑን ጣቢያ ሲቀያይሩ ምሳ ሰዓት ደረሰ።

በማግስቱ ማለዳ የኦቦ ተርፋሳ ባለቤት አዴ ብርቄ መጡ። ጫልቱ ሁሉንም ነግራቸዋለች። ከነጠላቸው ጫፍ የተጠቀለለ ክር ፈትተው ሰጡኝና፣ ለእሳቸውም ጓሮ እንደዚሁ ያለች ክፍል እንድሠራ፣ ርዝመቷ ከክሩ ትንሽ እንድትበልጥ፣ ዘንበል ብትል ግድ እንደሌላቸው ነገሩኝ። ክሩን ዘረጋሁት፤ በትክክል የኦቦ ተርፋሳ ቁመት ነው። ኦቦ ተርፋሳ ይህን ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ከየት ያውቃሉ” አሉኝ አዴ ብርቄ፣ “ተኝተው ሳሉ ነው የለካኋቸው።”