ድፎና የሚኒባሱ መስኮት

የአዲስ አበባ ሰው ከጅብ ይልቅ የተከፈተ መስኮት ይፈራል! አትቆጡ... እናንተም በመጋቢት ቀትር፣ ጢም ብሎ በሞላ ሚኒባስ ውስጥ ላባችሁ እየተንቆረቆረ፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው መስኮት ሲከፍት «ኧረ ብርድ!» ያላችሁበት ቀን አይጠፋም።

ልጄ ማርታ ድፎ የሚባል ውሻ አላት። ፈጣሪ አፍንጫ ሲያድል ወረፋው ያልደረሰው ፍጥረት ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ጤነኛ ሆኖ እንኳ ትንፋሹ ማንኮራፋት! ማርታ ለፈተና ስትወጣ «አባዬ፣ አደራ! ሙቀት ይገድለዋል፤ ቬንትሌተሩን እንዳታጠፋ» አለችኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ... እኔ አላጠፋሁም። መብራት ራሱ ጠፋ!

ድፎ ምላሱን ጎልጉሎ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ያለከልካል። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ድምፁን ሰምተው ከተፍ አሉ።

«ምች ነው የመታው!» ብለው በርና መስኮቱን ግጥም አደረጉት። ዳማከሴ አሽተው ወደ አፍንጫው (ፈልገው ካጡት በኋላ በግምት) አስጠጉለት። ቀጥለው ጋቢዬን ደረቡለት።

«ያልበው! ላብ ነው መድኃኒቱ።»

«እትዬ፣ ውሻ እኮ እንደኛ አያልበውም።»

«ምነው? ኩሩ ነው?»

ምላሱ ሲጠቁር ብድግ አልኩ። ለሰው አትንገሩብኝ እንጂ እወደዋለሁ። በዚያ ቤት ዜና ስሰማ ሳያቋርጠኝ አብሮኝ የሚቀመጥ እሱ ብቻ ነው። የእንስሳት ሐኪም ያለው መገናኛ ነው። የጠራኋቸው ባለመኪናዎች ግን ድፎን ሲያዩ «ውሻ አንጭንም» እያሉ ሄዱ። ምን ላድርግ? በጋቢው እስከ አናቱ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ከሲ.ኤም.ሲ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ነጠላዋን የተከናነበች ወይዘሮ አጠገቤ ነበረች። ጥቅሉን አይታ ፊቷ በርኅራኄ ቀለጠ።

«ውይ! አሞት ነው?»

«በጣም።»

«እናቱስ?»

«ፈተና ላይ ናት።»

«አያቱ ነዎት?»

«እንደዚያ ይሉኛል።»

ከጋቢው ውስጥ «ኽርርር...» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ደረቱ እኮ ተዘግቷል! ኧረ መስኮት ዝጉ! ሕፃን አለ፣ ብርድ እንዳይመታው!»

ደግ ሕዝብ አይደለን? መስኮቶቹ በአንድ ጊዜ ተዘጉ። አንዱ ጃኬቱን አውልቆ በጋቢው ላይ ደረበልኝ። ሌላው «እግሩን ሸፍኑት» አለ። እኔ መናገር ፈራሁ። ውሻ ነው ካልኩ አስፋልት ላይ ሊጥሉን ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ በደግነታቸው አፍነው ሊገድሉብኝ! ወዲያው ማንኮራፋቱ ቆመ። እጄ ላይ ዝልፍልፍ አለ። ይሉኝታዬ ያኔ ጠፋ፤ ጋቢውን ገለጥኩት።

«በስመ አብ! ፊቱን ምን ነካው?» ወይዘሮዋ ጮኸች።

«ውሻ ነው! በሙቀት እየሞተብኝ ነው፤ አየር ስጡት!»

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። «አባት፣ ውሻ አንጭንም! ይውረዱ!»

ወይዘሮዋ ድፎን አየችው። ድፎም አንድ ዐይኑን ከፍቶ አያት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም።

«ምን ያወርዳቸዋል? ንዳ! መስኮቱን በሙሉ ክፈቱት!»

ተከፈተ። ሚኒባሱ ሲበር የእንጦጦ ነፋስ ገባ። አንዱ የሃይላንድ ውኃውን በድፎ አናት ላይ ጠብ ጠብ አደረገለት። «ኽርርር...» አለ ውሻዬ! ተሳፋሪው አጨበጨበ። እኔማ ዕንባዬ መጣ።

ልቤ ሲረጋጋ ግን ማጅራቴን አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ላብ ላይ ነፋስ! የማውቀው ነገር ነው፤ ነገ አንገቴ አይዞርም።

«እህቴ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «መስኮቱን ትንሽ መለስ ታደርጊልኝ? ብርድ መታኝ።»

ወይዘሮዋ እኔንም ድፎንም ተራ በተራ አየችን።

«ከበረደዎት እርስዎ ይውረዱ፤ እሱን እኛ እናደርሰዋለን።»