የጋሽ ዋለልኝ አሥራ ሁለት ብረቶች

ለስልጠና ውጭ አገር ሄዶ የመጣ ሰው መቼም ሙሉ በሙሉ ተመልሶ አያውቅም። ሦስት ወር ጃፓን ቆይቶ ሠላሳ ዓመት ስለ ጃፓን የሚያወራ አጎት የሌለው ማን አለ? ለእኛ ግቢ የደረሰው ግን ከሁሉም የከፋው ነው። ለእኛ የደረሰን አይስላንድ ነው።

ክቡር ጋሽ ዋለልኝ አገር ቤት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የአፈር ጥበቃ ባለሙያ ነበሩ። አንድ ጊዜ ለስድስት ወር አይስላንድ ተልከው የአፈር መሸርሸር እንዴት እንደሚለካ ተምረው መጡ። ከዚያ ዲቪ ደረሳቸው። አሁን ላስቬጋስ፣ ዊንቸስተር የሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ ጋር በአንድ የአፓርትመንት ግቢ ይኖራሉ፤ ካዚኖ ውስጥ ምንጣፍ ያጸዳሉ። ልባቸው ግን እዚያ ብርድ አገር ቀርቷል፤ ነፋሱ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ አፈር እያነሳ ባሕር ሲከተው ቆሞ ይለካል።

አይስላንዶች ለመሬት መሸርሸር ከዜሮ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጣሉ አሉ። ዜሮ ጤነኛ ነው፤ አምስት ያለቀለት። ጋሽ ዋለልኝ በዚህ ሚዛን ያልመዘኑት ነገር የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ምንጣፍ ሦስት ነው። የእኔን ፀጉር ደግሞ ጉባኤ መሃል ትኩር ብለው አይተው፣ «አራት፤ ከፊት በኩል ነው የጀመረው» ብለዋል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሶፎንያስ፣ ኢንስፒራዳ የሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝቶ የጠራን ቀን፣ እንግዳው ሁሉ ኩሽናውን ሲያደንቅ እሳቸው ጓሮ ተንበርክከው መሬቱ ውስጥ ማስመሪያ ሰክተው ነበር። ምሳ ሳይቀርብ የጓሮው ቁልቁለት አምስት መሆኑን አስታወቁ። የሶፎንያስ ሚስት እስከ ዛሬ የምትቀየመው እኔን ነው። ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኛ።

ከግቢያችን ጀርባ ሣር ያልነካው የአፈር ዳገት አለ። ጋሽ ዋለልኝ ከዳገቱ እግር ሥር አሥራ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ቀጥቅጠው ተከሉ። አፈሩ በተሸረሸረ ቁጥር ብረቱ እየተራቆተ ይሄዳል፤ የተራቆተው ይለካል። እኔን ሜትር ያዥ አድርገው ሾሙኝ። የሌሊት ሺፍት ጨርሼ ቅዳሜ ጠዋት ዓይኔን ልከድን ስል በሬ ይንኳኳል። በዓመቱ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ተበላ። «እግሩን ከበላው አናቱ መውረዱ አይቀርም» ብለው ለግቢው ማኔጀር ሦስት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አጻፉኝ። ማኔጀሯም ብረቶቹ ሰው እንዳያደናቅፉ ይነቀሉ ብላ መለሰች። አልነቀሉም።

ሐምሌ ላይ ስልኮቻችን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ጮኹ። ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ነበር። ጋሽ ዋለልኝ ቤቷ ዳገቱ ሥር ወዳለው ወደ ሸዋዬ ሄዱ። ሸዋዬ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ከትንሿ ልጇ ከሮሐ ጋር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሮሐ ከኋላው ክፍል ትውጣ አሏት። ሸዋዬ ከኦቨርታይም መመለሷ ነበርና ነገ ይደርሳል አለች። እሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ደክሟት እሺ አለች። ፍራሹን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ በልቤ ያላልኳቸው ነገር አልነበረም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዳገቱ ተናደ፤ የኋላውን መስኮት ሰብሮ ገባ። የሮሐ አልጋ የነበረበት ቦታ ጭቃው ወገቤ ድረስ መጣ። ሮሐ ሳሎን ፍራሿ ላይ ተጋድማ ካርቱን ታያለች።

ሸዋዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ጋሽ ዋለልኝ አምልጠው ወጡ። ውጭ ጭቃው ዳር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። አሁን አይስላንድ ሊመጣ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አልመጣም።

«ልጅቷን አተረፏት እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«በእኛም ወረዳ እንዲህ ያለ ዳገት ነበር» አሉ። «ለካሁት። አምስት ብዬ ጻፍኩ፣ ሪፖርቱን አስገባሁ። ክረምት ላይ ከሥሩ ያለውን ቤት ወሰደው። አራት ነፍስ። ሪፖርቴ ትክክል ነበር። ቤታቸው ሄጄ ግን አልነገርኳቸውም።»

አጠገባቸው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ማኔጀሯ በዳገቱ በኩል የምንኖረውን ሁሉ ወደ ወዲያኛው ሕንፃ አዛወረችን። ለእኔ ሁለት ክፍት ቤት አሳየችኝ። አንዱ መዋኛው ፊት ለፊት፣ ሰፊና ጸጥ ያለ። ሌላው ከጋሽ ዋለልኝ አዲሱ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፤ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው፣ ሲያስሉ ይሰማል፣ በስልክ ለእህታቸው ስለ አሸዋ ሲያስረዱ ይሰማል። እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ።

መዋኛው ፊት ለፊት ያለውን ለሌላ ሰው ስጪው አልኳት።