መሪጌታ እና የኢንተርኔት ምርጫቸው

እናንተስ ሰፈር ኢንተርኔት ሳያስገባ ዓመቱን ሙሉ ሲያወዳድር የሚኖር ሰው አለ? እኛ አዘዞ ሰፈር አንድ አለን። ጎረቤታችን መሪጌታ የሁለቱን የኢንተርኔት ድርጅቶች ጥቅል እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ይፈለፍሉታል። "ይኼኛው ይፈጥናል፤ ያኛው ቴሌቪዥን አለው" ይላሉ። የኛንም መስመር "ልፈትነው" እያሉ በየምሽቱ ይመጣሉ።

መጀመሪያ ሰልችተውኝ ነበር። ነገር ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ ዝም ብሎ የከረመው አባቴ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ከሳቸው ጋር ኳስ እያየ መከራከር፣ ቀስ በቀስም መሳቅ ጀመረ።

ባለፈው ሳምንት መሪጌታ ቆርጠው አንዱን ቤታቸው አስገቡ። ያን ምሽት አባቴ እራቱን ትቶ በር በሩን ሲያይ አመሸ። በማግስቱ በሩ ተንኳኳ።

"ምነው መሪጌታ፣ መስመሩ እምቢ አለ?" አልኳቸው።

"ኧረ ሸጋ ነው! አባትህን ልወስደው ነው እንጂ። ብቻዬን ከማን ጋር ልከራከር?"

አባቴ ጫማውን አጥልቆ ጨርሷል።