በርበሬ የሌለው ኮፍቴ

በሰው ድስት ላይ ራሱን ዳኛ አድርጎ የሚሾም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ጋሼ ተፈራ ይባላሉ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ጎረቤቴ ናቸው። እሁድ ዕለት፣ አብሮኝ ፓርኪንግ የሚሠራ ቱርካዊ ያስተማረኝን ኮፍቴ ልሠራ ብዬ የተፈጨ ሥጋ ከሽንኩርትና ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር አሽቼ ሳድቦለብል ገቡ።

«ምንድን ነው ይሄ? በርበሬው የታለ?»

«የቱርክ ኮፍቴ ነው ጋሼ፤ በርበሬ አይገባበትም።»

አገር የተሸጠ ይመስል ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔስ ምን አጠፋሁ? ሥጋው የኔ፣ እጁ የኔ፣ ኪችኑ የኔ! እሳቸው ግን ካቢኔቱን ከፍተው የበርበሬውን ጣሳ አወጡና ወደ ሥጋው ዘረጉ። ሳህኑን በሁለት እጄ ከለልኩት።

«ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። በርበሬ ካማርዎት እዚህ ጎዳና ላይ በየምግብ ቤቱ አለ። እዚህ ቤት ግን ዛሬ ኮፍቴ ነው።»

«ሶ እያባረርከኝ ነው?»

«እንዲቀመጡ እየለመንኩ ነው። በርበሬው ግን ወደ ቦታው ይመለስ።»

አልተቀመጡም፤ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ። እውነት ለመናገር፣ ብቻዬን ስበላው ትንሽ ከበደኝ። በነጋታው ወሬው ከከተማው ማዶ እስካለው ቫን ናይስ ሰፈር ድረስ ተዳርሶ ሦስት ሰው እየደወለ «ሽማግሌ ታባርራለህ?» አለኝ። ለሦስቱም አንድ መልስ ሰጠሁ፦

«እሁድ በድጋሚ እሠራለሁ፤ ጋሼንም ይዛችሁ ኑ። በርበሬውን ግን ቤታችሁ ተዉት።»