ይህን ሳጥን የማይመለከቱ ጥያቄዎች

በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ዘበኛ አለ። አንደኛው ካኪ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ በር ላይ ይቆምና ሰው ይከለክላል። ሁለተኛው ውስጥ ጠረጴዛ ስቦ ይቀመጥና ጥያቄ ይከለክላል። የመጀመሪያውን እጅ ነስቶ ማለፍ ይቻላል፤ ሲብስም አንድ ሲጋራ ያለዝበዋል። ሁለተኛውን የሚያለዝብ ነገር ግን ገና አልተፈጠረም። ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ውስጥ አለ፤ ፖስታ ቤት መስኮቱ ጀርባ አለ፤ «ይህ እኛን አይመለከትም» ይልና አንገቱን ወደ ወረቀቱ ይመልሳል። የዚህ ዘር ሁሉ አለቃ ግን አምቦ ነበሩ፤ ስማቸውም አቶ ውባየሁ ይባላል።

ሸዋገነት በዚህ ነገር ላይ ማንም እንዲከራከራት አትፈቅድም ነበር። ከአዲስ ዓለም መጥታ በከተማዋ ዳር ባለችው ትንሽ የሰብል ምክር ጣቢያ ታይፒስት ከሆነች አራት ዓመቷ ነው። አራቱንም ዓመት ከእኚህ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

ነገሩ መልካም ነበር፣ ሰው ባይገባበት። ጣቢያው በር ላይ አረንጓዴ የተቀባ የእንጨት ሳጥን ተሰቅሏል። ገበሬው ስለ ሰብሉ የቸገረውን ጽፎ እዚያ ይከታል። የጣቢያው ባለሙያ ነገራ ይመልሳል፤ ሸዋገነት ትተይባለች፤ መልሱ ቅዳሜ ገበያ መሀል በድምፅ ማጉያ ይነበብና ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በሳጥኑና በነገራ መካከል ግን የመዝገብ ቤት ሹሙ፣ ክቡር የጥያቄዎች መርማሪ አቶ ውባየሁ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል። ሦስት ፋይል አላቸው። አንዱ «ይመለሳል»፣ አንዱ «ተጠይቋል»፣ ሦስተኛው «አይመለከትም» ይባላል። የመጀመሪያው ፋይል ሁልጊዜ ቀጭን ነው።

አንድ ገበሬ ጤፌን ትል በላው፣ በሬዬም ያነክሳል ብሎ ቢጽፍ «አንድ ወረቀት፣ አንድ ጥያቄ» ብለው መለሱበት። ሰውየው ከጌዶ መንገድ ግማሽ ቀን ተጉዞ በሁለት ወረቀት ለይቶ አመጣው። የጤፉን ተቀበሉና በበሬው ላይ «በሬ ሰብል አይደለም። ዝግ» ብለው ጻፉ። ሌላው ደግሞ ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ የትኛው ይሻላል ብሎ ጠየቀ። «ይህ መልስ ሳይሆን ጠብ የሚያመጣ ነው። ዝግ።» አንዱ ደፋር ደግሞ ያቺ ታይፒስት ባል አላት ወይ ብሎ ጽፎ ነበር። አቶ ውባየሁ ፊታቸው ሳይፈታ «ሰብሉ አልተገለጸም» ብለው ዘጉት። ሸዋገነት ያን ቀን ማመስገን ይሁን መሳደብ ያለባት ግራ ገብቷት ዋለች።

«ሰው ቸግሮት ነው'ኮ የሚጽፈው!» ትላቸዋለች።

«ችግር ሌላ፣ ጥያቄ ሌላ» ይላሉ፤ ቀና እንኳን ሳይሉ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ የኦቦ ዳዲ ወረቀት መጣ። ኦቦ ዳዲ ከከተማው በታች ባለው ጥቁር መሬት የሚያርሱ የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው። ፊደል የለዩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው። በዕድሜያቸው የጻፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ይኸው ነበር፦

«ለተከበራችሁ የሰብል ሰዎች። እንዴት ናችሁ። ልጆች ደህና ናቸው። ከብቶችስ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባቄላዬ ግን ደህና አይደለም። ጠቁሯል። ምን ላድርግ። ዳዲ።»

ሸዋገነትን አንጀቷን በላት። እያንዳንዱ ፊደል በሞፈር የታረሰ ይመስል ወረቀቱን ሰርስሮት ነበር። አቶ ውባየሁ ቀዩን እስክሪብቶ አነሱና ሰላምታውን ከነልጆቹ፣ ከነከብቶቹ በአንድ መስመር ሰረዙት። «ሰላምታ ጥያቄ አይደለም» አሉ። ከዚያ ግርጌው ላይ ጻፉ፦ «የባቄላ መጥቆር ሐምሌ ሃያ ቀን ተጠይቋል። ሰሌዳውን ይመልከቱ። ዝግ።»

ኦቦ ዳዲ በዚያ ክረምት ከባቄላ በቀር የዘሩት አልነበረም። ቤተሰቡ የሚበላውም፣ ለመንግሥት የእህል ኮታ የሚሰፈረውም ከዚያው ማሳ ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ ጣቢያው በር ላይ ቆመው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው አገኘቻቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ አካም ጅርታ? ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ ኦቦ ዳዲ። ባቄላውስ እንዴት ሆነልዎ?»

«ሰሌዳውን አነበብኩት። ሰው አላስነበብኩም፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ሲወጣ ዝናቡ እስኪያባራ ታገሡ ይላል።» ቆባቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «እኔ እታገሣለሁ። እሱ ግን እየሞተ ነው። ከግማሽ በላይ ሄዷል።»

ሸዋገነት ደሟ ፈላ። በሩን በርግዳ ገባች።

«ጓድ ውባየሁ!» አለች። ጓድ የምትላቸው ስትናደድ ብቻ ነው። «የሽማግሌው ባቄላ በእርስዎ እስክሪብቶ እየሞተ ነው!»

«ቅጠሉ ነው የጠቆረው ወይስ ሥሩ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ታይፒስት ነኝ!»

«አንቺ አታውቂም፤ እሳቸውም አልጻፉም። ነገራ ታዲያ ምኑን ይመልስ? ባልታየ በሽታ ላይ የተሰጠ መልስ ገበያ መሀል ተነቦ የመቶ ሰው ማሳ ቢያበላሽስ?»

«ሄደው ቢጠይቋቸው ምን ይሆናሉ?»

«ሄጄ ከጠየቅኩ ጥያቄው የእኔ ይሆናል።»

ይህን ሰምቶ ያልጮኸ ሰው ልብ የለውም። ሸዋገነትም ጮኸች። «ለአውራጃው እጽፍብዎታለሁ!»

«ጻፊ» አሉ አቶ ውባየሁ። «ከአንድ ጉዳይ በላይ እንዳይሆን ብቻ።»

ጻፈች። ሁለት ገጽ ሙሉ ተየበች፤ ግን ማስረጃ ያስፈልጋታል። ረቡዕ አቶ ውባየሁ ለምሳ ሲወጡ ቁልፉን ከመሳቢያቸው አንሥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና በቀይ ተሰርዘው የሚያለቅሱትን የድሃ ጥያቄዎች ልትሰበስብ «አይመለከትም» የሚለውን ወፍራም ፋይል አወረደች።

የበሬውን አገኘች። የነጭ ጤፉንም አገኘች። ከሥር ያሉት ግን ሌላ ዓይነት ወረቀቶች ነበሩ፤ ስም የሌላቸው።

«የጣቢያው ነገራ የውጭ ሬዲዮ ያዳምጣል» ይላል አንዱ። በቀይ፦ «ሬዲዮ ሰብል አይደለም። ዝግ።»

«የጉዴ ልጅ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ ጎተራ ውስጥ ተደብቋል።» በቀይ፦ «በጎተራው ውስጥ ነቀዝ ስለመኖሩ አልተገለጸም። ዝግ።»

«ዳዲ ባቄላዬ ጠቆረ የሚለው ኮታ ላለመስጠት ነው። አሻጥረኛ ነው። ይያዝ።» በቀይ፦ «ይህ ጥቆማ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ዝግ።»

ሸዋገነት ተቀመጠች። ቀጣዩን አነሣች። «ታይፒስቷ የታሰረ ፀረ አብዮት እህት ናት። ይህን ደብቃ ነው የተቀጠረችው።» ስለ ወንድሟ ለማንም አውርታ አታውቅም፤ እናቷ እንኳን ስሙን የምታነሣው በር ዘግታ ነው። ወረቀቱ የሦስት ዓመት ዕድሜ አለው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ስለ ነጠላ ሰረዝ ሲጨቀጭቃት ኖሯል። ግርጌው ላይ በዚያው ቀይ፣ በዚያው ቆንጆ እጅ ጽሑፍ «ይህን ሳጥን አይመለከትም። ዝግ» ተብሎ ፊርማቸው አርፎበታል።

ሠላሳ አንድ ወረቀት ቆጠረች። አሁን ደግሞ ንዴቷ በሌላ በኩል መጣ። ምን ዓይነት ጅል ነው እንዲህ ያለውን ነገር ቁጥር ሰጥቶ፣ ፈርሞ፣ በወር በወሩ አሰናድቶ የሚያስቀምጥ? አንዷን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቢያገኛት የተጠቆሙት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የመርማሪውም አንገት ይሄዳል። ለአቶ ውባየሁ ግን መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት መቅደድ ቤተ ክርስቲያን ከመዝረፍ አይተናነስም። ጥርሷን ነክሳ እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው እግዚአብሔር ለምን እንደፈጠረ እየጠየቀች ሠላሳ አንዱን ለይታ አወጣችና ካለቁ የማባዣ ስቴንስሎች ጋር፣ ሁልጊዜ ስቴንስል በሚቃጠልበት ጉድጓድ አቃጠለቻቸው። የአውራጃውን ደብዳቤም ከላይ ጨመረችበት።

በማግስቱ ጭቃውን እየረገጠች ኦቦ ዳዲ ማሳ ወረደች። አንድ እግር ባቄላ ነቀሉላት። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ የለም፤ ሥሩ ግን ከሰል መስሏል፤ የተነቀለበትም ጉድጓድ ወዲያው ውሃ ሞላው። ኦቦ ዳዲ የሥሩን መጥቆር እንደገና በእጃቸው ጻፉ፤ እሷ አልነካችባቸውም። አቶ ውባየሁ አነበቡ፣ አሁንም ሰላምታውን ሰረዙ፣ «ይመለሳል» ውስጥ አስገቡት። ነገራ በዚያኑ ዕለት ወጥቶ በየትልሙ መካከል ቦይ ይቀደድ፣ ውሃው ዛሬውኑ ይጠንፈፍ አለ። ጎረቤት ተጠርቶ ሲቆፈር ዋለ። የሞተው ሞቷል፤ የቀረው ሲሶ ተረፈ።

ሰኞ ጠዋት የማኅበሩ ሊቀመንበር ፈይሳ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጡን ታጥቆ፣ ጣቢያው ገባ።

«ጓድ ውባየሁ፣ ንቁ የሆኑ ሰዎች በሳጥናችሁ ጥቆማ አስገብተናል ይላሉ። ስለ ዳዲም ጭምር። የታለ?»

አቶ ውባየሁ ተነሡ። ሸዋገነት አየቻቸው፤ ልባቸው መዋሸትን አያውቅበትም። አፋቸውን ከፈቱ።

«በመዝገቡ መሠረት...»

«በመዝገቡ መሠረት ሳጥኑ ያፈሳል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች ሸዋገነት፤ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ ተቆጥታ። «ክረምቱን ሙሉ ጣራ ያለው ሳጥን ይሠራልን ብለን አልጮኽንም? የበሰበሰውን ወረቀት ሁሉ የጣልኩት እኔ ነኝ። ጥያቄ ካለ እኔን ጠይቁኝ።» ቁም ሳጥኑንም ራሷ ከፈተችለት። ፈይሳ ፋይሉን ገለባበጠ፤ በሬውን አነበበ፤ ነጭ ጤፉን አነበበ፤ ታይፒስቷ ባል አላት ወይ የሚለውን ሲያነብ ከንፈሩ ዳር ትንሽ ፈገግ አለ። «ሥራ ፈቶች» ብሎ ወጣ።

አቶ ውባየሁ ፊታቸው አመድ መስሏል። የቀጠነውን «አይመለከትም» ፋይል በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ሠላሳ አንድ ወረቀት» አሉ። «ያለ ፊርማ ወጣ። ከመዝገብ።»

«አዎ፤ ከመዝገብ!» አለች ሸዋገነት፤ ዕንባዋ መጣና የባሰ ተናደደች። «ከዘንድሮ ወዲያ አንድም እንዲህ ያለ ወረቀት ፋይል ውስጥ እንዳላይ፣ ጋሽ ውባየሁ! ገድለው ሊያስቀብሩን ነው እንዴ?»

ጋሽ ብላቸው አታውቅም። ሰውየው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ትልቁን መዝገብ ስበው ገለጡት፤ ወረቀት የሌላቸው ቁጥሮች በየገጹ ተደርድረዋል። ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት፣ ሰማያዊውን አነሡ። ከዚያ ቀና ብለው ልጅቱን አዩዋት።

«ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«በዝናብ ተበላሽቷል ይበሉ።»

ጻፉ። በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሐሰት ቃል ነበር። ሸዋገነት ወንበሯን አጠገባቸው ስባ ቁጥሩን ትጠራላቸው ጀመር፤ ሠላሳ አንዱም እስኪያልቅ የምሳ ሰዓት አለፈ።