ወንዳወቅና የነፃው ስርጭት ጥቅል

ካልነካካ የማያርፍ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለፍኖተ ሰላም የደረሳት ሊቀ ጠበብት ወንዳወቅ ነው፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ጎረቤቴና የደም ግፊቴ ምክንያት። ሽንዲ ሰርግ ተጠርተን፣ ሙሽራዋ ደጅ ቆማ ሳለች፣ "ቆይ፣ አንዲት ነገር ብቻ!" ብሎ የዳሱን አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ አዙሯል። ለቅሶ ቤትም የድንኳኑን ገመድ ፈትቶ እንደገና ካላሰረ ሐዘኑ አይወጣለትም።

ዘንድሮ የነካካው ግን ትልቅ ነገር ነው። የተዝረከረከ የፕሮግራም ጽሑፍ የሚያስተካክል መሣሪያ አግኝቶ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ተሰብስበው በሚታደሉበት፣ ማንም በነፃ በሚወስደው የሶፍትዌር ስርጭት ውስጥ ጠቅልዬ ካላስገባሁ ብሎ ተነሣ። እዚያ ከገባ ከስርጭቱ ዲስክ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ክረምት ክረምት የሚያስተምራቸው፣ ኢንተርኔት የማያገኙት የገጠሩ የገበዝ ማርያም ልጆችም ይደርሳቸዋል።

ስርጭቱ ለአዲስ ጥቅል በሩን የሚዘጋው ሐሙስ ነበር። ያመለጠው ዓመታት ይጠብቃል። ረቡዕ ጠዋት ጥቅሉን ከሚመረምሩት የስርጭቱ ሰዎች መልስ መጣ፦ የአንዱ ፋይል የመጠቀሚያ ፈቃድ አልተገለጸም፤ ፋይሉን የጻፈችው ሴት ካልፈቀደች አንቀበልም። ወዲያው ለሴትዮዋ ጻፈላት። ወዲያው ደግሞ የከተማው መብራት ጠፋ።

"ተነሥ፣ ቡሬ እንሂድ!" አለኝ።

"መብራቱ ይመጣል እኮ፣ ምን አስቸኮለህ?"

"እሱን አንተ ጠብቀው!" እያለ ጫማዬን አቀበለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥም ወንበር አልያዘውም። ሻንጣዎቹን እንደገና ደረደረ፣ የሹፌሩን የአያ ሙጬን መስታወት አቃና።

"የሚያስሮጥህ ምን የሚሉት ሥራ ነው?" አሉት አያ ሙጬ።

"ሰው የጻፈውን ፕሮግራም የሚያስተካክል መሣሪያ ነው፣ አያ። ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሥራ ግን አይቀይርም።"

"ካልቀየረ ምን ሊረባ?"

"ነገ የሚያነበው ሰው እንዳይረግመን ነዋ።"

አያ ሙጬ ጥቂት አሰቡና፣ "ሰሙን አሳምሮ ወርቁን የማይነካ ነው በለኛ!" አሉ።

ወንዳወቅ መስታወቱን እንደገና አቃናው።

ቡሬ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ገብተን ላፕቶፑን ከፈተ። መልስ የለም። ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ የአስተናጋጇን ብርጭቆዎች በቁመት ደረደረላት።

"ባትፈቅድስ?" አለኝ። ድምፁ እንዲያ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም። "ልጆቹን ይመጣላችኋል ብያቸዋለሁ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሴትዮዋ መልእክት ደረሰ፦ "በደስታ! መጻፉን ረስቼው ነው።" ፈቃዱን አስገብቶ ጥቅሉን ላከ፤ በማግሥቱ በሩ ሳይዘጋ ተቀበሉት።

ከዚያ ያልጠበቅሁት መዓት መጣ፤ ወንዳወቅ አረፈ። ሱቁ ደጃፍ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የመስኮቴ መዝጊያ ሲንጓጓ እየሰማ ዝም! ሰፈሩ ጭር አለብኝ። እህል እንኳ አልወርድ ሲለኝ ላፕቶፔን በብብቴ ይዤ ሄድኩ።

"ወንዳወቅ፣ ይሄ ነገር ሰሞኑን ይንቀራፈፍብኛል።"

ዓይኑ በራ። ብድግ ብሎ መፍቻውን አነሣ። "ወዲህ በለው እስቲ! ምን አድርገኸው ነው?"

ምንም አላደረግሁትም። እሱ እስኪፈታው ድረስ ደህና ነበር።